የገመድ ተራ

ሊፍቱ ሄርሜላን አላውቅሽም ያላት ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ያውም ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት።

ከገበያ መመለሷ ነበር፤ ቲማቲምና ሽንኩርት በፌስታል ይዛለች። «ይቅርታ፤ አላወቅሁዎትም። እባክዎ ለሌሎች ተጠቃሚዎች ቦታ ይልቀቁ» አላት በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተባለ መስሏት ዘወር ብላ ኋላዋን አየች። ኋላዋ የቆሙት ግማሾቹ ጣሪያውን፣ ግማሾቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ፊቷን ጠጋ አድርጋ ደግማ አሳየችው። አሁንም አላወቃትም። እንደምንም ከሰው ጋር ተጠግታ ልትገባ ብላም ነበር፤ ሊፍቱ ግን ያላወቀው ሰው እስኪወጣ ድረስ በሩን አይዘጋም። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት የምትሄድ አንዲት ልጅ «እማማ፣ ረፈደብን እኮ» አለቻት። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የቆጠቆጣት ይሄ «እማማ» የሚለው ነው። ሄርሜላ ገና ስልሳ አልሞላትም።

እኔ በዚያ ሰዓት ወደ ጓሮ ለመዞር በመግቢያው እያለፍኩ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ። ጎረቤቷ ነኝ፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነው የምንኖረው። ሄጄ ፌስታሏን መቀበል ነበረብኝ። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። እኛ ሕንጻ ላይ እንዲህ ያለ ጊዜ እንዳላየ ሆኖ ማለፍ ጨዋነት ነው። እኔን ሊፍቱ አላውቅሽም ያለኝ ቀን ሄርሜላም እንዲሁ ነበር ያለፈችኝ፤ ውስጤ እያረረ አመስግኛታለሁ።

ለእንግዳ ሰው ልንገር፤ ደረጃ የለንም። ነበረን። እያንዳንዱ የደረጃ ማረፊያ በር ተገጥሞለት ይከራይ የተባለ ቀን እጁን ያላወጣ ነዋሪ አልነበረም፤ በዚህ ዘመን ማን ደረጃ ይወጣል ብለን ነው። ዛሬ በየማረፊያው ቤተሰብ አለ። መጋረጃ ሰቅለዋል፣ ልጅ ድረውበታል። ውጡልን አይባል ነገር። ስለዚህ ሊፍቱ የረሳው ሰው የሚወጣው በጓሮ በኩል፣ በግድግዳው ነው። ግድግዳው ላይ እጅና እግር የሚይዙባቸው ጉብታዎች ተተክለዋል፤ አናቱ ላይ ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ ዞሮ የሚወርድ ገመድ አለ። መውረዱም ያው በዚያው ነው፣ ጉብታ በጉብታ።

ገመዱ የዕድሩ ነው። ድሮ ድንኳንና ወንበር የነበረው ዕድራችን አሁን ዋና ንብረቱ ገመድ ሆኗል። ደንቡም ቀላል ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከታች ሆኖ ገመዱን ፍሬን በምንለው ገመድ አናቂ ብረት ይይዝለታል። የሚይዘው ተራ ገብቶ ነው፤ የገመድ ተራ እንለዋለን። ቀበቶውን፣ መንጠቆውን፣ ፍሬኑን፣ ሄልሜቱን ግን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይገዛል። ጀማሪ የሆነ ሰው ከላይ እስከ ታች ቢጫ ይለብሳል። ቢጫ የለበሰ የገመድ ተራ አይገባም፤ እስኪለምድ ድረስ ያስተምሩታል። ጥቁር የለበሰ ደግሞ የሚችል ነው ተብሎ ይታመናል፤ ተራ ይገባል።

እስቲ አሁን ቢጫ ለብሶ ጓሮ መቆምን አስቡት። የሕንጻው መስኮት ሁሉ ወደ ጓሮ ነው የሚያየው። ሊፍት ያላቸው ሰዎች ሻይ ይዘው በረንዳ ላይ ይወጣሉ። ልጆች «ጀማሪ! ጀማሪ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ሁሉ በላይ ቢጫ ማለት «ይህችን ሴት ሊፍቱ በዚህ ሳምንት ረስቷታል» ብሎ በድምፅ ማጉያ እንደማስነገር ነው። ጥቁር የለበሰ ሰው ግን ወድዶ፣ ለጤናው ብሎ የሚወጣ ሊመስል ይችላል። ከተጠየቀ «ስፖርት ነው» ይላል። እኛ ሕንጻ ላይ እኮ ሊፍት የተዘጋበት ሰው የለም፤ ሁሉም ስፖርተኛ ነው።

ሄርሜላ ያን ቀን እህቷ ቤት አደረች። «ናፍቀሽኝ ነው» ብላ ቲማቲሙን ሰጠቻት። በማግሥቱ ዕቃ ልትገዛ ሳሪስ ድረስ ሄደች። እኛ ሕንጻ ሥርም የመውጫ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ግን ከደጃፍ ገዝቶ ማን መታየት ይፈልጋል? ሳሪስ የሚያውቀኝ የለም ብላ በሩን ልትገፋ ስትል በሩ ከውስጥ ተከፈተና የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ያፌት ጥቁር ከረጢት ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ።

«ውይ፣ ጋሽ ያፌት! ምነው በዚህ በኩል?»

«ጥላዬ ተሰብሮብኝ... እዚህ ጋ የሚጠግን ሰው አለ ብለውኝ» አሉ። «አንቺስ?»

«እህቴ እዚህ ሰፈር ናት።»

«እህትሽ ሲኤምሲ አልነበረችም እንዴ?»

«ቀየረች።»

«ደግ አደረገች፤ ሲኤምሲ አቧራ ነው» አሉና ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ጥላ አልያዙም ነበር። ሄርሜላ ይህን ሁሉ ኋላ ስትነግረኝ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ራሷን ለመደበቅ ተጣድፋ እሳቸው ምን ይዘው እንደወጡ ልብ አላለችም።

ባለሱቁ ኢዮስያስ ይባላል። ወፍራምና ትሑት ሰው ነው፤ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን አያይም፤ ለዚህ ንግድ የተፈጠረ። በአንድ በኩል ቢጫው ዕቃ ከነላስቲኩ ተደርድሮ አቧራ ጠጥቷል። በሌላ በኩል ጥቁሩ አለ፤ የተፋቀ፣ የነጣ፣ ጠርዝ ጠርዙ የተተለተለ። ሄርሜላ ዋጋውን ጠይቃ ግራ ገባት።

«አሮጌው ነው እንዴ ከአዲሱ የሚወደደው?»

«ይሄ እኮ ሰው የወጣበት ነው እትዬ። የተፈተነ ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ ሚስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ላስቲኩ ገና የተቀደደ አዲስ ጥቁር ቀበቶ በሸካራ ድንጋይ ትፈትጋለች። ሄርሜላ አየቻት። ኢዮስያስም ማየቷን አየ፤ ቀስ ብሎ መጋረጃውን ሳበው።

«ለማን ነው የሚወስዱት?» አላት።

«ለእህቴ ልጅ።»

«ቁመቷ እንዴት ነው?»

«እኔን ታክላለች።»

«ወገቧስ?»

«ወገቧ... በቅርቡ ትንሽ ወፈር ብላለች። እኔን ታክላለች በለው።»

«እግሯስ?»

«እግሯማ ቁርጥ የኔ ነው።»

ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ካላስቸገርኩ፣ እርስዎ ይለኩላት።»

«እሺ፤ ለሷ ስል» አለችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀበቶው ውስጥ ገባች። እየታጠቀች ሳለ ሰውዬው እጁን ወደ ቢጫው ሰደድ አደረገ።

«ልጅቷ ጀማሪ ከሆነች ይሄ ነው የሚሻላት። የቢጫው ፍሬን እጅ ቢለቀው እንኳ በራሱ ይይዛል። ጥቁሩ ግን በያዘው ሰው እጅ ነው፤ ከለቀቁት ገመዱ ይሄዳል። ሰውም አብሮ ይሄዳል።»

ሄርሜላ የቢጫውን ሄልሜት አየችው። ጓሮውን አሰበች፤ መስኮቶቹን፣ ሻይ የያዙትን፣ ያቺን «እማማ» ያለቻትን ልጅ። «ኧረ ወዲያ! እሷማ ስትወጣ ነው ያደገችው» አለች።

«እንግዲያውስ ጥቁሩ ነው» አለ ኢዮስያስ፤ እጁን ከቢጫው ላይ አንሥቶ ጥቁሩን ይጠቀልልላት ጀመር። አወቀባት። ማወቁንም አወቀች። ሁለቱም ስለ ዝናቡ እያወሩ ተሰነባበቱ።

መቼም የመጀመሪያ ቀን አወጣጧን ያየ አይረሳውም። ግድግዳውን እንደ ሙት አቅፋው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የማርያምን ስም እየጠራች ሰባተኛ ደረሰች። የበረንዳዋን አጥር ተሻግራ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እኔ በረንዳዬ ላይ ልብስ አሰጣ ነበር።

«ስፖርት ጀመርሽ?» አልኳት።

«ምን ላርግ ኤልዱ፣ ከጤና የሚበልጥ የለም» አለችኝ እዚያው እንደተጋደመች።

«ጎበዝ!»

እያደር ለመደችው፤ ዓይኗን ገልጣ መውጣት ጀመረች፤ እንዲያውም ወገቧን ቀጥ አድርጋ በጓሮ ስታልፍ ሰው «እትዬ ሄርሜላ እኮ ጠንካራ ናት» ይል ጀመር። ደስ አላት። ያልገመተችው ነገር ቢኖር ጥቁር የለበሰች ሰው ተራ እንደምትገባ ነው። ደንቡን ታውቀዋለች፤ ግን ራሷን ለመሸሸግ ስትጣደፍ ከጭንቅላቷ ወጥቶ ነበር። አንድ ማታ የዕድሩ መልእክት ስልካችን ላይ ገባ፤ የቅዳሜ ረፋድ የገመድ ተራ፣ ወይዘሮ ሄርሜላ።

መውጣትና መያዝ ለየቅል ናቸው። መውጣት የራስን ነፍስ ይዞ ነው። መያዝ ግን የሰው ልጅ ነፍስ እጅሽ ላይ ነው። ሄርሜላ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም።

በማግሥቱ ሳሪስ ሮጠች። «ያቺ ልጅ... ፍሬኑ አያያዙ ትንሽ ጠፍቷት ነበር፤ እስቲ አሳየኝና ልንገራት» አለችው ኢዮስያስን።

«እኔን ነው?» አለ ደንግጦ። «እኔ መሸጥ እንጂ መያዝ መቼ አውቃለሁ እትዬ? የምኖረው ምድር ቤት ነው!»

«ታዲያ ማን ያሳያል?»

«ዱሮ የሚያስተምሩ ልጆች ነበሩ። ቢጫ የሚገዛ ሲጠፋ ሥራ ፈትተው አገር ለቀቁ።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከፈለጉ በቢጫው እለውጥልዎታለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምለውጠው።»

ሄርሜላ ቢጫውን ሄልሜት አነሣች። አቧራውን በእጇ ጠረገችና መስተዋቱ ፊት ቆማ አጠለቀችው። እየሳቀች የነገረችኝ ሴትዮ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። «የማላውቃት አሮጊት መሰልኩ ኤልዱ። ሊፍቱ እውነቱን ነው አልኩ» አለችኝ። አወለቀችው። «ለልጅቷ አይሆናትም» ብላው ወጣች።

የቀራት ጋሽ ያፌት ነበሩ። ቤታቸው ሄዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ሰሞኑን ወገቤን እያመመኝ ነው፤ የቅዳሜው ተራ እንደው ለሌላ ሰው ቢያልፍ...» አለቻቸው።

«ወንበር ይወጣልሽና ተቀምጠሽ ትይዣለሽ። አንቺን የመሰለች ሴት ከቀረች ወጣቱ ምን ይላል?»

ሄርሜላ መሐረቧን አጥፋ ዘረጋችው። አሁን ልናገር ብላ አፏን ከፍታ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። «እንደው ጋሼ፣ ልጠይቅዎት፤ እርስዎ ፍሬኑን በየትኛው እጅዎ ነው አጥብቀው የሚይዙት?»

ጋሽ ያፌትን ሳል ያዛቸው። ረጅም ሳል ነው። ውኃ ጠጡ። «እሱ እንግዲህ... እንደ ገመዱ ነው» አሉ።

«ልክ ነው» አለች ሄርሜላ። «እንደ ገመዱ ነው።»

ቅዳሜ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ግድግዳው ረጥቧል። ረፋዱ ላይ ጓሮው ሙሉ ነበር። ወደየቤታችን ለመውጣት ተራ የምንጠብቅ አሥር የምንሆን ሰዎች ቆመናል፤ ሁላችንም በጥቁር። ጋሽ ያፌትም አሉ። የመጀመሪያዋ ወጪ አስካለ ነበረች፤ አምስተኛ ፎቅ የምትኖረዋ ልጅ፣ ባሏ መንገድ የሄደባት። ወተት በጀርባዋ ቦርሳ ይዛ እያለከለከች መጣች።

«ሕፃኗን አስተኝቼ ነው የወረድኩት፤ ሳትነቃ ልድረስ» አለችን። የቤቷ በር ከውስጥ ተቆልፏል፤ ሁላችንም የምንወጣው የምንገባው በበረንዳ ስለሆነ በራችንን ከውስጥ ነው የምንቆልፈው። ዞራ ገመዱን የያዘውን ሰው አየችና ፊቷ በራ። «እትዬ ሄርሜላ ነዎት? ተመስገን! ትናንት የያዘኝ ሰውዬ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ሄርሜላ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግን አስካለ መንጠቆውን አስገብታ ጨርሳ ነበር፤ ልጅቷም ሽቅብ ጀመረች።

ሄርሜላ ገመዱን እየሳበች ትከተላታለች። ሁለተኛ ፎቅ አለፈች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ አንድ እግሯ ከእርጥቡ ጉብታ ላይ ተንሸራተተ፤ ሁለተኛውም ተከተለ፤ ጩኸቷን የሰማነው መውደቅ ከጀመረች በኋላ ነው።

ገመዱ በሄርሜላ እጅ ውስጥ ሸሸ። ወደ ግድግዳው ጎትቶ ወሰዳት፤ ትከሻዋ ከሲሚንቶው ጋር ተጋጨ፤ አለቀቀችም። ቆመ። አስካለ አየር ላይ ቀረች፤ ቀስ እያለች ትሽከረከራለች፤ ወተቱ ከቦርሳዋ እየተንጠባጠበ ነው።

«ያዙኝ... ይዘውኛል?» አለች ከላይ።

«ይዤሻለሁ።»

«ቀስ ብለው ያውርዱኝ እትዬ፤ እጄ ደንዝዟል፣ ግድግዳው ጋ መድረስ አልቻልኩም።»

ሄርሜላ ሁለት እጇን ፍሬኑ ላይ ቆልፋ ቀረች። ሰው እንዴት እንደሚያወርዱ አታውቅም። ትንሽ ላላ ብታደርገው ይወርድ ይሆን ወይስ ሁሉም ይለቀቅ ይሆን፣ አታውቅም። መዳፏ ተልጦ ደም በገመዱ ላይ ወርዷል።

«እትዬ?» አለች አስካለ።

ሄርሜላ መጀመሪያ በሹክሹክታ ነው የተናገረችው። «አልችልም» አለች። ማንም አልሰማትም፣ ወይም ሁላችንም እንዳልሰማ ሆንን። ቀጥሎ ግን የሕንጻውን መስኮት ሁሉ ያስከፈተ ጩኸት ጮኸች።

«አላውቅም! ይዤ አላውቅም! ጀማሪ ነኝ! ሊፍቱ አላውቅሽም ብሎኝ ነው የምወጣው፣ ስፖርት አይደለም! እባካችሁ የሚችል ሰው ይምጣና ይያዝልኝ!»

ሁላችንም ጋሽ ያፌትን አየን። ጋሽ ያፌት ወገባቸው ላይ ያለውን መንጠቆ ይመለከታሉ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሻለሁ። ተራዬ በደረሰ ቁጥር ይዣለሁ። ጉብታዎቹ ሰፋፊ ስለሆኑ እኔ በያዝኩበት ቀን አንድም ሰው ተንሸራቶ አያውቅም፤ በቃ ችሎታዬ ይሄው ነው። እኔም ከሳሪስ ነው የገዛሁት። «ለእህቴ ልጅ» ብዬ።

«ጋሽ ያፌት!» አለች ሄርሜላ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «በእናትዎ!»

«እኔም...» አሉ።

«እርስዎም ምን?»

«እኔም ያው ነኝ ልጄ» አሉ። ሰውየው ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል፤ አገር የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ያኔ ግን ጥፋት ሠርቶ እንደተያዘ ልጅ አንገታቸውን ደፉ።

አንዱ ወደ ሌላው ዞረ፤ ያኛው ራሱን ነቀነቀ። አንዷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከአሥራችን አንድ እንኳ የሚችል አልነበረም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያፈርኩት ባለማወቄ አልነበረም፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ልጅቷ እላዬ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ይናገር ብዬ ስጠብቅ በመቆየቴ ነው።

«ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» ብላ ጮኸችብን ሄርሜላ። «ጉልበትም የላችሁም? ገመዱን ያዙ!»

ያኔ ተንቀሳቀስን። ከኋላዋ ያለውን ገመድ ተሻምተን ያዝነው፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው እየጨበጠ፣ እየተጋጨን፣ እየተሰዳደብን በእጅ በእጃችን አሳለፍነው። አስካለ ዱብ ዱብ እያለች ወረደች። አንድ ጊዜ ክንድ የሚያህል አምልጦን ጮኸች፤ እንደገና ያዝነው። እግሯ መሬት ሲነካ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ሄርሜላ ገመዱን ጥላ እላይዋ ላይ ተደፋች። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ አፍሬ ነው፣ አፍሬ ነው» እያለች ፊቷን ትዳብሳታለች፤ የእጇ ደም ጉንጯ ላይ ቀረ። አስካለ በሄርሜላ ትከሻ ላይ አሻግራ እኛን አንድ በአንድ ታየናለች፤ ጥቁር ሄልሜታችንን፣ ጥቁር ቀበቷችንን።

«ማናችሁም አትችሉም?» አለች።

ከመካከላችን አንዱ ሄልሜቱን አወለቀ።

«እስከ ዛሬ ታዲያ ማን ነበር የሚይዘኝ?»

ይህን ጥያቄ ዛሬም ማታ ማታ እሰማዋለሁ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ከአምስተኛ ፎቅ የሕፃን ልቅሶ መጣ። መጀመሪያ ቀጭን ነው፤ ቀጥሎ እየበረታ ሄደ። የበረንዳው በር ገርበብ እንዳለ ነው። አስካለ ቀና ብላ አየች፤ ዘላ ተነሣች። ጭቃውን እንኳ ሳትጠርግ መንጠቆዋን ፈትሻ ወደ ግድግዳው ሄደች።

ጋሽ ያፌት እየተጣደፉ ቀደም አሉ። «እኔ ልያዝልሽ ልጄ። ካልሆነም ሁላችን ተባብረን...»

«አይ ጋሼ» አለች። ገመዱን ከእጃቸው ወስዳ ለሄርሜላ ዘረጋችላት። «እትዬ ሄርሜላ ይያዙልኝ።»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ! እጄን አታዪውም?»

«ሰምቻለሁ። እርስዎ ሲያቅትዎ ይነግሩኛል።»

ሄርሜላ ሻሿን ፈትታ መዳፏ ላይ ጠመጠመች። ጸጉሯ ነጭ ነው፤ እስከዚያ ቀን አንዳችንም አላየነውም ነበር። ገመዱን ፍሬኑ ውስጥ አስገባች፤ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። አስካለ መውጣት ጀመረች። እኛም ማንም ሳያዘን ከሄርሜላ ኋላ ተደርድረን የገመዱን ጭራ ያዝን። እኔ ከሁሉም ፊት፣ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ቁሚ! ፈራሁ!» ትላለች ሄርሜላ፤ አስካለ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትቆማለች። ሄርሜላ ገመዱን ታስተካክላለች። «እሺ፣ ሂጂ» ትላለች። ጥቂት እንደሄደች ደግሞ «ቁሚ! ላልቶብኛል!» ትላለች። መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፤ በረንዳው ሁሉ ሰው ነው። ሕፃኗ ታለቅሳለች። የሚስቅ አልነበረም።

ሦስተኛው ፎቅ ጋ፣ ቅድም የወደቀችበት እርጥብ ጉብታ አጠገብ ስትደርስ ሄርሜላ ፊቷን ሳታዞር ጠራችኝ።

«ኤልዱ! አጥብቀሽ ይዘሻል?»

ምላሴ ላይ የመጣው «አዎ» ነበር። ዕድሜ ልኬን የምለው እሱን ነው። እጄን አየሁት፤ ያላበውን፣ ገመዱ በጣቶቼ መካከል እንዴት እንዳለፈ የማላውቀውን እጄን።

«አላውቅም!» አልኩ፤ ሕንጻው ሁሉ እየሰማኝ። «አላውቅም ሄርሜላ! የያዝኩ አይመስለኝም!»

«ቁሚ!» ብላ ጮኸች ሄርሜላ ወደ ላይ።

አስካለ ቆመች።